ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ዓይን ሳያደክም እንዲነበብ ገጹን ማዘጋጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ለረጅም ንባብ ተብለው የተሠሩ ቴሞች፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስኑ ዝግጁ ንድፎች፣ ሞልተዋል። አንድ ዓምድ ብቻ፣ ሰፋ ያለ ህዳግ፣ ጎን ላይ የሚብለጨለጭ ነገር የለም፤ ማሳያቸውን ያየ ሰው «ዛሬውኑ ልጫነው» ይላል። አማርኛ ሲገባባቸው ግን መልካቸው ይለወጣል። መስመሮቹ ይጨናነቃሉ፣ የርዕሱ ፊደላት ይነካካሉ፣ ዓመተ ምሕረቱ ከጎኑ ካለው ቃል ያንሳል ወይም ይገዝፋል። ቴሙ ተበላሽቶ አይደለም፤ በላቲን ፊደል ልክ የተሰፋ ልብስ ስለሆነ ነው። አንባቢው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ትቶ ሲወጣ «የእኛ ሰው ረጅም ጽሑፍ አያነብም» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ስፌቱን ነው።

እዚህ የምታዩት አሠራር ዎርድፕረስ 6.5ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪትን፣ እንዲሁም በብሎክ የሚሠራ (የገጹ ክፍሎች እንደ ጡብ ለየብቻ የሚስተካከሉበት) ቴምን ታሳቢ ያደረገ ነው። 6.5 ያልኩት የፎንት ማከማቻው በዚያ ስሪት (መጋቢት 2016 ዓ.ም.) ስለተጨመረ ነው፤ ከዚያ በፊት የራስን ፎንት ማስገባት ፕለጊን (ተጨማሪ የሚጫን ረዳት ፕሮግራም) ወይም ኮድ ይፈልግ ነበር። ለምሳሌነት ትዌንቲ ትዌንቲ-ፎር የተባለውን የዎርድፕረስ ቴም እጠቅሳለሁ፤ ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው። በሌላ ሥርዓት የምትሠሩ ከሆነ ቁልፎቹ ያሉበት ቦታ ይለያይ እንጂ ቁጥሮቹ ያው ናቸው።

1. ቴሙን ሳትነኩ ጽሑፉን አጽዱ

ቆየት ያለ የዎርድ ፋይል ካላችሁ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ፎንቶች የአማርኛው ፊደል የሚቀመጠው በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ ገልብጣችሁ ድረ ገጽ ላይ ስትለጥፉት የምልክት ክምር ብቻ ይወጣል። ይህን ፎንት በመቀያየር ማዳን አይቻልም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ መመለስ አለበት። ከመለሳችሁት በኋላም አንድ ጊዜ በዓይናችሁ አንብቡት፤ እንደ ኋ፣ ቧ፣ ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት በመቀየሪያው ሲያልፉ ተሳስተው ሊወጡ ይችላሉ።

ቀጥሎ ሥርዓተ ነጥቡ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። ፡፡ እና ። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለማሽኑ ግን የመጀመሪያው ሁለት የቃል መለያ፣ ሁለተኛው አንድ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የሚያርፍበትን ቦታ የሚያውቀው በትክክለኛው ምልክት ነው፤ በአንዳንድ ፎንት ደግሞ በሁለቱ ጥንድ ነጥቦች መካከል የማያምር ክፍተት ይታያል። በ«ፈልግና ተካ» ሁሉንም ፡፡ ወደ ። ቀይሩ። የደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚህ የባሰው ከምልክቱ በፊት የሚገባው ክፍት ቦታ ነው። «መጣ ።» ብላችሁ ከጻፋችሁና መስመሩ እዚያው ላይ ከሞላ፣ አራት ነጥቧ ብቻዋን ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ትወርዳለች። በሰፊው ኮምፒዩተር ላይ ስትጽፉ ላታዩት ትችላላችሁ፤ በስልክ ጠባብ መስመር ላይ ግን ደጋግሞ ይከሰታል። ከ«።»፣ ከ«፣»፣ ከ«፤» እና ከ«፦» በፊት ያለውን ክፍት ቦታ በሙሉ አጥፉ፤ ክፍት ቦታው ከምልክቱ በኋላ ብቻ ይሁን።

የቆየ ጽሑፍ እያወጣችሁ ከሆነና ቃላቱ እንደ ድሮው በሁለት ነጥብ የሚለያዩ ከሆነ ሁለት ነጥቡን ማንሳት አያስፈልግም። በዩኒኮድ ደንብ መሠረት ከ፡ በኋላ መስመር መታጠፍ ስለሚችል «ሰላም፡ለኪ» ያለ ክፍት ቦታም በትክክል ይታጠፋል። ከፊቱ ክፍት ቦታ እንዳትጨምሩ ብቻ።

2. የገጹን ቋንቋ አማርኛ በሉት

በዎርድፕረስ አጠቃላይ ማስተካከያ ውስጥ የድረ ገጹን ቋንቋ «አማርኛ» አድርጉ። የማኔጅመንቱ ክፍል በከፊል ብቻ ስለተተረጎመ ግራ ካጋባችሁ፣ በራሳችሁ የተጠቃሚ ገጽ ላይ ለእናንተ ብቻ እንግሊዝኛ መምረጥ ትችላላችሁ። ጥቅሙ ለአንባቢው ነው፤ ብራውዘሩ ገጹ አማርኛ መሆኑን ሲያውቅ ፎንት ሲመርጥም ድምፅ ሲያነብም አይሳሳትም።

3. ፎንቱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የትዌንቲ ትዌንቲ-ፎር ፎንቶች ኢንተርና ካርዶ ናቸው፤ ሁለቱም የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ብራውዘሩ የሌለውን ፊደል ከመሣሪያው ፎንት ይዋሳል። አንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ የአፕል መሣሪያ ኬፋን፣ ዊንዶውስ ኢብሪማን ወይም ኒያላን ያቀርባል። ስለዚህ አዲስ አበባ በሳምሰንግ የሚያነበውና ዋሽንግተን በአይፎን የሚያነበው ሰው የሚያዩት አንድ ገጽ አይደለም። ይባስ ብሎ ቁጥሩ፣ ቅንፉና በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ አሁንም ከላቲኑ ፎንት ይመጣሉ። «በ1967 ዓ.ም.» ብላችሁ ስትጽፉ በፊደሉና በቁጥሩ መካከል የምታዩት የመጠንና የውፍረት ልዩነት ምንጩ ይህ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ከአንድ ፎንት ማምጣት ነው። ከጉግል ፎንትስ በነፃ የሚገኙ ሦስት አማራጮች አሉ።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፦ ለረጅም ንባብ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ወፍራምና ቀጭን መስመሮቹ የታተመ መጽሐፍ የለመደን ዓይን ያሳርፋሉ። ከቀጭን እስከ በጣም ደማቅ ብዙ ውፍረት ስላለው ለርዕስም ይሆናል።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፦ መስመሩ እኩል ውፍረት ያለው፣ ርካሽ ስክሪን ላይም የማይደበዝዝ። ለዜናና ለመመሪያ ግሩም ነው፤ ለአጭር ልቦለድና ለትዝታ ጽሑፍ ግን ትንሽ የቢሮ መልክ ይሰጣል።

አቢሲኒካ ሲል፦ የብራና ጽሕፈት መልክ ያለው፣ ከሦስቱ መካከል ውቡ። አንድ ውፍረት ብቻ መያዙ ግን ችግር አለው። ቴሙ ደማቅ ሲጠይቅ ብራውዘሩ ፊደሉን በራሱ ያወፍረዋል፤ ያኔ የኃምስ ቀለበቶች ይደፈናሉ፣ ሌ እና ቤ እግራቸው ላይ ጥቁር ነጥብ የያዙ ይመስላሉ። ይህን ፎንት የምትመርጡ ከሆነ ለርዕስ ውፍረት ሳይሆን መጠን ተጠቀሙ።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ከ«አፒራንስ» ወደ «ኤዲተር»፣ ከዚያ ወደ «ስታይልስ»፣ ከዚያ «ታይፖግራፊ» ግቡ። ፎንቶችን የሚያስተዳድረውን ቁልፍ ስትጫኑ ማከማቻው ይከፈታል፤ ከጉግል ፎንትስ ፈልጎ መጫን ወይም የራስን ፋይል መስቀል ይቻላል። ከማከማቻው ስትጭኑ ፎንቱ በእናንተ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ አንባቢው በከፈተ ቁጥር ወደ ጉግል አይላክም። መደበኛውንና ደማቁን፣ ማለትም 400ን እና 700ን ብቻ ምረጡ። የግዕዝ ገበታ ከሦስት መቶ በላይ ፊደላትና ምልክቶች ስላሉት እያንዳንዱ ተጨማሪ ውፍረት የሚወርድ ትልቅ ፋይል ነው። ከጫናችሁ በኋላ ለ«ቴክስት»፣ ለ«ሊንክስ»፣ ለ«ሄዲንግስ»፣ ለ«ካፕሽንስ» እና ለ«በተንስ» አንድ በአንድ እየገባችሁ ምረጡት። ብዙ ሰው ለጽሑፉ ብቻ ቀይሮ ርዕሱን በካርዶ ይተወዋል፤ የካርዶ ርዕስ ማለት ደግሞ በተግባር ምንም ዓይነት የተመረጠ ፎንት የሌለው ርዕስ ማለት ነው።

አንባቢዎቻችሁ አብዛኞቹ በሞባይል ዳታ በአንድሮይድ የሚገቡ ከሆነና ገጹ እንዲቀል ከፈለጋችሁ ምንም ፎንት አለመጫንም ጨዋ አማራጭ ነው። ያኔ ለሁሉም ቦታ የመሣሪያውን ፎንት ምረጡ፤ ቢያንስ ቁጥሩና ፊደሉ ይቀራረባሉ።

4. መጠንና የመስመር ርቀት

የላቲን ትንንሽ ፊደላት ወጣ ገባ አላቸው፤ ጥቂቶቹ ወደ ላይ፣ ጥቂቶቹ ወደ ታች ይወጣሉ፣ አብዛኞቹ መሐል ይቀራሉ። በመስመሮች መካከል አየር የሚፈጠረው በዚያ ነው። የእኛ ፊደል ግን በአብዛኛው ሙሉ ቁመቱን ይዞ ይቆማል። ላቲኑን የሚያረካ 1.5 የመስመር ርቀት (የፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ) ለአማርኛ ግድግዳ ይሆናል፤ ዓይን ከመስመር መጨረሻ ሲመለስ ያነበበውን መስመር ደግሞ ያነባል።

ለዋናው ጽሑፍ «ላይን ሃይት» የሚለውን 1.8 አድርጉት፤ ፎንቱን እያያችሁ ከ1.7 እስከ 1.9 መውረድና መውጣት ይቻላል። ለርዕስ 1.35 ይበቃል። ቴሞች ለርዕስ 1.1 ወይም 1.2 ይሰጣሉ፤ ሁለት መስመር የሆነ የአማርኛ ርዕስ በዚያ ርቀት የላይኛው እግር ከታችኛው ራስ ጋር ይጋጫል።

መጠኑ በስልክ ከ18 ፒክሰል፣ በኮምፒዩተር ከ20 ፒክሰል እንዳያንስ። ምክንያቱ ቅንጦት አይደለም። አንባቢ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን፣ ጠ እና ጨን የሚለየው በጥቃቅን ጭረት ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ የሚጠፋው እሷ ናት። ልኩን ስትጽፉ ግን በፒክሰል ሳይሆን «ሬም» በሚባለው አሃድ አድርጉት፦ 1.125 ሬም በተለመደው ማስተካከያ 18 ፒክሰል ነው፣ 1.25 ሬም ደግሞ 20። ዓይናቸው የደከመ አባትና እናቶች ብራውዘራቸው ላይ ፊደሉን ሲያሳድጉ ገጹ የሚታዘዛቸው ያኔ ነው።

«ሌተር ስፔሲንግ» የሚለውንም ፈትሹ። ዘመናዊ መልክ ለመስጠት የርዕስ ፊደላትን ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር የሚያቀራርቡ ቴሞች አሉ። ለግዕዝ ፊደል ዜሮ አድርጉት።

5. የመስመሩ ስፋት፣ እና ሁለቱን ዳር ስለማስተካከል

ለላቲን ጽሑፍ በአንድ መስመር ከ45 እስከ 75 ፊደል የሚል የቆየ ልማድ አለ። የአማርኛ ፊደል ግን ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ስለሚይዝ ሰፋ ይላል፣ ቁጥሩም ያንሳል። እኔ በኮምፒዩተር ከ40 እስከ 48 ፊደል እመክራለሁ፤ በ20 ፒክሰል ወደ 640 ፒክሰል ስፋት ይመጣል። ትዌንቲ ትዌንቲ-ፎር የሚሰጠው 620 ነው፣ እንዳለ ብትተዉትም ያስኬዳል። የሚቀየረው «ስታይልስ» ውስጥ «ሌይአውት» በሚለው ሥር ነው። 800 እና 900 ፒክሰል የሚሰጡ ቴሞች አሉ፤ እነሱን አጥብቡ።

በስልክ ላይ ማጥበብ የለም፣ ስክሪኑ ራሱ ጠባብ ነው። 360 ፒክሰል ስፋት ባለው ስልክ ላይ በግራና በቀኝ 20 ፒክሰል ብትተዉ ለጽሑፉ 320 ይቀራል፤ በ18 ፒክሰል ፊደል ይህ 25 ፊደል ገደማ ነው። እንግዲህ በዚህ መስመር ላይ «እንዳያስቸግሯቸውም» የሚል አንድ ቃል ሲገባ ገሚሱን ያህል ይወስዳል።

ሁለቱንም ዳር ማስተካከል፣ ማለትም «ጀስቲፋይ» ማድረግ፣ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። አማርኛ ቅድመ ግንዱንና ድኅረ ግንዱን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ስለሚቀጥል ቃሉ ይረዝማል፤ ቃሉ ሳይገባ ሲቀር ብራውዘሩ የቀሩትን ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ጎትቶ ዳር ለዳር ያስቀምጣቸዋል፣ በመካከላቸው ገደል ይፈጠራል። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ዓምዱን ሁለቱንም ዳር አስተካክለው ይጽፉ የነበሩት ቃሉን መስመሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ያለ ምንም ሰረዝ እየቆረጡ ነው፤ የዛሬ አንባቢ ግን ያንን አልለመደም። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ግራ አስጠግታችሁ የቀኙን ዳር እንዳሻው ተዉት። ጋዜጣ አይመስልም ብሎ የሚከራከራችሁ አዘጋጅ ካለ ስልኩን አውጥቶ ሁለቱንም እንዲያነብ አድርጉት።

6. አጽንዖት፣ ሊንክና ጥቅስ

በግዕዝ ጽሕፈት የዘመመ ፊደል የሚባል ልማድ የለም። ቴሙ ለመጽሐፍ ስም፣ ለጥቅስ ወይም ለፎቶ መግለጫ የዘመመ ፊደል ካዘዘ ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያዘመዋል፤ ውጤቱ ሊወድቅ ያለ አጥር ነው። ለጥቅስና ለፎቶ መግለጫ ወደ መደበኛ መልሱት፤ ለሥራዎች ስም «» ምልክትን ተጠቀሙ። አጽንዖት ሲያስፈልግ ደማቅ፣ እሱም ቆጥባችሁ። ብራና ላይ አጽንዖት ቀይ ቀለም ነበር፤ ድረ ገጽ ላይ ግን ቀለም ያለው ቃል ሊንክ ስለሚመስል አንባቢ ይጫነዋል።

የሊንክ ሥርን ማስመር ብዙዎች የማያስተውሉት ችግር አለው። ሳልስና ኃምስ የሚለዩት እግር ላይ ነው፦ ቢ በአግድም ጭረት፣ ቤ በቀለበት። ከፊደሉ ጋር የተጣበቀ መስመር እዚያው ቦታ ላይ ያልፋል፣ ሊንክ ውስጥ ያለ «ቢት» እና «ቤት» አንድ ይመስላል። «አዲሽናል ሲኤስኤስ» በሚባለው፣ የገጹን መልክ የሚወስን ኮድ በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ለሊንክ «ቴክስት አንደርላይን ኦፍሴት» (text-underline-offset) የሚለውን ባሕርይ 0.25 ኤም (የፊደሉን መጠን ሩብ) ስጡት፤ መስመሩ ከእግሩ ዝቅ ብሎ ይሰመራል።

7. ቀለም

ነጭ ላይ ግራጫ ፊደል የቴም ሠሪዎች ፋሽን ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታክሲ ለሚጠብቅ አንባቢ ግን የማይታይ ነገር ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የንፅፅር ልክ ይጠይቃል። ለረጅም ንባብ ከ7 ለ 1 በላይ አድርጉት። ፊደሉን 222222 በሚለው የቀለም ኮድ፣ ጀርባውን በአር ጂ ቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) 250፣ 248፣ 243 ብትሞሉ ነጩ አይወጋም፣ ፊደሉም ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ለሌሊት ገጽታ ድቅድቅ ጥቁር ላይ ፍጹም ነጭ አታድርጉ፤ ሁለቱንም አንድ እርከን አለዝቡ።

8. አንባቢ መንገዱን እንዳይስት

ይህ ከቴሙ ይልቅ የአዘጋጁ ሥራ ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። በስልክ ላይ አሥር መስመር የነበረ አንቀጽ ሃያ ይሆናል፤ ስትጽፉ አንድ ሐሳብ ሲያልቅ አንቀጹን ዝጉ። በአንቀጾች መካከል ክፍተት ተዉ፣ ወይም የመጀመሪያውን መስመር ገባ አድርጉ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ግን አታድርጉ። ከ3000 ቃል በላይ ለሆነ ጽሑፍ መጀመሪያው ላይ የንዑስ ርዕሶች ዝርዝር ይኑር። በንባብ መሐል ድንገት የሚወጣ የኢሜይል መጠየቂያ ሳጥን ካለ አንሱት።

«የ6 ደቂቃ ንባብ» የሚለውንም ጽሑፍ አንሱት ወይም አስተካክሉት። እነዚህ ቆጣሪዎች የሚሠሩት ቃል ቆጥረው በደቂቃ ወደ 200 በሚሆን ቁጥር በማካፈል ነው፤ ልኩ የተወሰደው «ስለማይነግሩንም» የሚለውን በአምስት ስድስት ቃል ከሚጽፍ ቋንቋ ነው። ለአማርኛ ጊዜውን አሳጥሮ ያሳያል።

9. መሞከር

ለሙከራ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦ «ቢመሽም፣ ጠጅ ጠጥተው የጨረሱትን የቋንጣ ነጋዴዎች በ1998 ዓ.ም. እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው።» ተቀራራቢ ፊደላት፣ ዲቃላ ፊደላት፣ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ አሉበት። በመደበኛ ጽሑፍ፣ በርዕስ፣ በደማቅ፣ በሊንክ፣ በጥቅስና በፎቶ መግለጫ ውስጥ አስገብታችሁ በአንድ የሙከራ ገጽ ላይ ደርድሩት። ጠን ከጨ፣ ቢን ከቤ ለመለየት ስልኩን ወደ ዓይናችሁ ማስጠጋት ካስፈለጋችሁ መጠኑ ወይም ውፍረቱ ገና አልተስተካከለም።

ከዚያ ሙሉ ጽሑፍ አስገቡና እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ መጀመሪያ በራሳችሁ ስልክ፣ ቀጥሎ በቤት ውስጥ ባለው አሮጌ ስልክ። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ልካችሁ ከዚያው ክፈቱት፤ አንባቢያችሁ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዚያ በር ነው፣ የቴሌግራም የውስጥ መክፈቻ ደግሞ ከላይ የራሱን ባር ስለሚጨምር ስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር ይቀንሳል። ከቴሙ ራስ ላይ የማይነቃነቅ ባር ካለ፣ ሁለቱ ተደራርበው ለንባብ የሚተርፈው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ታያላችሁ። የቴሙን ባር እንዲንሸራተት አድርጉት።

መጨረሻ ላይ የሠራችሁትን አስቀምጡ። ቴሙ ሲታደስ በ«ስታይልስ» በኩል የገባው ማስተካከያ አይጠፋም፤ ቴሙን በሌላ ስትቀይሩ ግን አዲሱ ቴም የራሱን ልክ ይዞ ይመጣል፣ ተጨማሪ ሲኤስኤሱም አብሮ አይሻገርም። የፎንቱን ስም፣ መጠኑን፣ የመስመር ርቀቱን፣ የዓምዱን ስፋት፣ የቀለም ቁጥሮቹንና የሲኤስኤሱን ጽሑፍ በአንድ ፋይል ገልብጣችሁ ከድረ ገጹ ውጭ አኑሩት።